ከሽቦ ወዲህ ያለ ጉሬዛ

ሰኔ 17 ቀን 2005 ዓ.ም. ማለዳ በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ መካነ አራዊት ጠባቂዎች ከእስረኞቻቸው አንዱ እንደጎደለ አወቁ። ስሙ ረስቲ ነው፤ ዓመት ያልሞላው ቀይ ፓንዳ። ከነብራስካ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው። ዝናቡ በግቢው ያለውን ቀርከሃ አጎንብሶት ኖሮ፣ እንስሳው በጎበጠው ቀርከሃ ተንጠላጥሎ ከአጥሩ ሳይሻገር እንዳልቀረ በኋላ ተገመተ። ሲፈለግ አርፍዶ፣ ቀትር ካለፈ በኋላ አንዲት መንገደኛ አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር ውስጥ ሣር ለሣር ሲሄድ አየችው። በእጅ ስልኳ አነሣችው፤ ፎቶው በትዊተር ተበተነ፤ ረስቲም በዚያው ዕለት ተይዞ ወደ አጥሩ ተመለሰ።

አዳምስ ሞርጋን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ ስም አይደለም። በደርግ ዘመን የተሰደዱ ወገኖቻችን ምግብ ቤት የከፈቱበት፣ እንጀራና ዶሮ ወጥ ከአሜሪካኖች ጋር ቀድመው ከተዋወቁባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። ከአጥር ያመለጠው እንግዳም እግሩ የመራው ወደ ስደተኛ ሰፈር ሆነ።

በዓለም መካነ አራዊቶች የተነሡ የቀይ ፓንዳ ፎቶግራፎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ብርሃናቸው የተመጠነ ነው፤ የጢሙ ዘለላ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጋዜጦች ያን ዕለት ተቀባብለው ያተሙት ግን ያንን በችኮላ የተነሣ የስልክ ፎቶ ነው። በሌሎቹ ሥዕሎች ውስጥ እንስሳው ተቀምጦ ይታያል፤ በዚያኛው ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። ዓይን ይህን ልዩነት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ዋሽንግተን ላወጋ አይደለም። ነገሬ ከመቱ ጋር ነው፤ ከያዩ፣ ከሁሩሙ፣ ከጎሬና ከበቾ ጋር ነው። እነዚህ የኢሉባቦር ከተሞች በደን መካከል የተቀመጡ ናቸው። በደኑ ውስጥ በመልክም በጠባይም ከቀይ ፓንዳ የማያንስ፣ ማንም አጥር ያልሠራለት እንስሳ ይኖራል። ጉሬዛ እንለዋለን፤ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ዌኒ ይለዋል። ይሁንና የአንድ የመቱ ወጣት የእጅ ስልክ ቢፈተሽ ከጉሬዛው ፎቶ ይልቅ የቀይ ፓንዳው ፎቶ የመገኘቱ ዕድል ይሰፋል ብል የሚሞግተኝ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የምሞግተው ይህንን ነው። እንስሳን የምናየው ከሽቦ ጀርባ ከገባ በኋላ ነው። ከሽቦ ወዲህ ሳለ፣ ጎረቤታችን ሳለ፣ አናየውም። ሳናየውም እንጨርሰዋለን። ከዚያ የተረፉትን ጥቂቶች አጥር ሠርተን እናስገባና ካሜራ ይዘን እንሰለፋለን።

* * *

በቅድሚያ ለቀይ ፓንዳው ፍርድ እንስጠው፤ እሱ ምን በደለ? በኔፓል፣ በቡታን፣ በሕንድ፣ በሚያንማርና በቻይና ደጋማ የቀርከሃ ደኖች የሚኖር፣ ከድመት ጥቂት የሚተልቅ እንስሳ ነው። ጀርባው እንደ ሸክላ ቀይ፣ ሆዱ ጥቁር፣ ጅራቱ ቀለበት በቀለበት ነው። ፈረንሳዊው ፍሬድሪክ ኩቪየ እ.ኤ.አ. በ1825 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ፓንዳ የሚለው ስም የእሱ ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ ፓንዳ የሚለው ግዙፉ ጥቁርና ነጭ እንስሳ በሳይንስ የተመዘገበው ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1869 ነው። ትልቁ ሲመጣ ትንሹ ስሙን አስረከበና “ቀይ” የሚል ቅጽል ተለጠፈበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየከተማው ኢንተርኔት ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከዚህ እንስሳ ጋር ሳያውቅ ተዋውቋል፤ ፋየርፎክስ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ዛሬ በዱር የቀሩት ቀይ ፓንዳዎች ከ10,000 እንደማይበልጡ ይገመታል። የተፈጥሮ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት መዝገብ አስፍሮታል። ደኑ ይመነጠራል፤ ቆዳው ይሸጣል፤ ለሌላ እንስሳ በተጠመደ ወጥመድም ይያዛል።

ስለዚህ መካነ አራዊቶች እያረቡ ዘሩን ማቆየታቸውን አልቃወምም። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው በድንኳን ማሳደር ነውር የለውም። ነውሩ ድንኳኑን ቤቱ ነው ብሎ ማሳየት ነው። የመካነ አራዊት ፎቶ የሚያደርገው ይህንን ነው።

የፎቶው ሙያ እንዲህ ይሠራል። ባለሙያው ሌንሱን ሽቦውን እስኪነካ ያስጠጋል፤ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ይከፍታል፤ እንስሳው ከሽቦው ርቆ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ይታገሣል። ያን ጊዜ ሽቦው እንደ ጉም ሟሙቶ ከሥዕሉ ይጠፋል። አጥሩ መስታወት ከሆነ ነጸብራቁን በጥቁር ጨርቅ ይጋርዳል። የሲሚንቶውን ግድግዳ፣ የምግቡን ሳህን፣ የበሩን ቁልፍ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ከጠርዝ ይቆርጣቸዋል። የሚቀረው ቅጠል፣ ብርሃንና ሁለት ዓይን ነው። ተመልካቹም ሂማላያን ያየ ይመስለዋል።

ሥነ ጽሑፍን የምትወድ አንባቢ ሆይ፣ እስኪ በራሳችን ሙያ እንመዝነው። አንድ ደራሲ የእስረኛን ታሪክ ጽፎ እስር ቤቱን ቢተወው፣ እስረኛው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሲያስብ ብቻ ቢያሳየን፣ መስኮቱ ብረት እንዳለው ግን ባይነግረን ምን እንለዋለን? ቋንቋው ቢያምር፣ ዐረፍተ ነገሩ ቢፈስ፣ ውሸታም ከማለት እንመለሳለን? ለደራሲ የማንፈቅደውን ለፎቶ አንሺ የምንፈቅድበት ምክንያት አይታየኝም። ከሽቦ ጀርባ ያለን እንስሳ ያነሣ ሰው ሽቦውንም ያንሣው። ሽቦው የእንስሳው ታሪክ ግማሽ ነው።

* * *

ሩቅ አገር ምን አስኬደን? የሽቦን ታሪክ ለማወቅ ከአንበሳችን የተሻለ ምስክር የለም። የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። መሥራች አንበሶቹ ሰባት ነበሩ፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። የተያዙትም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደሆነ ይነገራል። ደቡብ ምዕራብ ማለት እንግዲህ ኢሉባቦር የሚገኝበት አቅጣጫ ነው። አንድ ዘመን ለገበሬ ስጋት፣ ለአዳኝ ክብር የነበረው አውሬ በሚቀጥለው ዘመን በትኬት የሚታይ ሆነ።

የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በዚያ አጥር ፊት ቆሞ ተነሥቷል። ሙሽራ ተነሥቷል፤ ተማሪ ተነሥቷል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ለማስታወሻ ተነሥቷል። ከዚህ ሁሉ ካሜራ መካከል በኅዳር 1999 ዓ.ም. አንድ ዜና ዓለምን ዞረ። ግቢው አንበሶቹን የሚቀልብበት ገንዘብ አጥሮት፣ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ ሬሳቸው በድኑን ሞልተው ለጌጥ ለሚያቆሙ ሰዎች ይሸጥ እንደነበር ተዘገበ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ተመራማሪዎች የ15 የአንበሳ ግቢ አንበሶችን ዘረ መል መርምረው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ እንደሆኑ አሳተሙ። ጥቁር ጎፈራቸው ከራስ አልፎ እስከ ደረትና ሆድ የሚወርደው እነዚያ አንበሶች በዓለም ላይ ሌላ የማይተካቸው ሀብት ሆነው ተገኙ። ከመርዝ የተረፉት ናቸው እንዲህ የተባሉት።

ያ ሁሉ ፎቶግራፍ አንዲቱን ደቦል እንኳ እንዳላዳነ ልብ በሉ። ሰው እንስሳውን አይቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይበላል፣ ስንት ወለደች፣ ግልገሎቹስ የት ደረሱ ብሎ በጠየቀ ነበር። ያየው ራሱን ነው፤ ከአንበሳ ፊት የቆመ ራሱን። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክም ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ ጥቁር ጎፈር አንበሶችን ለሕዝብ አቅርቧል። ቦታው የተዋበ ነው፤ አያያዙም ከቀድሞው ዘመን ጋር አይወዳደርም። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። አንበሳ ጎረቤት ነበር፤ ቀጥሎ የፉከራ ግዳይ ሆነ፤ ቀጥሎ የዘውድ ምልክት፤ ቀጥሎ የሳንቲም ሥዕል፤ በመጨረሻ የአጥር ውስጥ እንግዳ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ እንደ አንበሳ የታየበት ቀን የቱ ነው?

* * *

አሁን ወደ ጉሬዛ።

ጉሬዛም ከመከራው ቀምሷል። ቆዳው ጋሻ አልብሷል፤ ለምድ ሆኗል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ ወይዛዝርት ልብስ ላይ ተሰፍቷል፤ በ1960ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ሱቆች የቱሪስት ምንጣፍ ሆኖ ተዘርግቷል። ይሁን እንጂ ሕያው ሆኖ በገዛ ዛፉ ላይ አለ። ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ፣ ያዩን አልፎ ሁሩሙ እስኪደርሱ፣ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው አለ። በበቾ በኩል ወደ ሶር ፏፏቴ ለሚወርድ ሰው አለ።

ስሙን ዓለም የተማረው ከእኛ ነው። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሰሜን ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ በ1835 እንስሳውን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ባላገሩ በጠራበት ስም ነው። ዛሬም የሳይንስ ስሙ ኮሎቡስ ጉሬዛ ነው። ኮሎቡስ የሚለው ከግሪክ የመጣ ሲሆን ጎማዳ፣ የተቆረጠ ማለት ነው፤ አውራ ጣቱ ጠፍቶ ምልክቷ ብቻ ስለቀረ እንዲህ ተባለ። ቀይ ፓንዳው በተቃራኒው ከእጁ አንጓ አጥንት የወጣ፣ ቀርከሃ የሚጨብጥበት ትርፍ አውራ ጣት አለው። ተፈጥሮ ለአንዱ ጣት ጨመረች፣ ለሌላው ነሣች፤ ሁለቱም ግን ከዛፍ አይወድቁም። ባዕዱ ሊቅ የጎደለውን ጣት አይቶ ጎማዳ አለው። ጥቁር ለብሶ ነጭ ካባ መደረቡን፣ ከምድር ርቆ በዛፍ ላይ መኖሩን አይተው ከመነኩሴ ጋር ያመሳሰሉትም አሉ። ከሁለቱ የትኛው ዓይን በደንብ እንዳየ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ፎቶ አንሺ ሆይ፣ ጉሬዛን ለማንሣት ሽቦም ትኬትም አያስፈልግህም። ቅጠል በል ነው፤ ጨጓራው እንደ ከብት ክፍል ክፍል አለው፤ የበላው ቅጠል እስኪብላላ ረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ይቀመጣል። ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ ማለዳ ከዛፉ ጫፍ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጎሕ ሲቀድ ወንዱ በጉሮሮው ያገሣል፤ ከአንዱ ሸለቆ የተነሣውን ድምፅ የማዶው ይቀበለዋል፤ የት እንዳለ በራሱ አንደበት ይነግርሃል ማለት ነው። ግልገሉ ሲወለድ ከራስ እስከ ጅራቱ ነጭ ነው፤ የመንጋው ሴቶች እየተቀባበሉ ያቅፉታል፤ ወራት ሲቆጠሩ ቀስ በቀስ ጥቁሩን ይለብሳል። ነጩን ግልገል በጥቁር ክንዶች መካከል ማንሣት የፈለገ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ከዋንዛ ሥር ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ይበቃዋል። የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው። መካነ አራዊት ለሰው የሚሸጠው ይህንኑ ትዕግሥት እንዳያወጣ ነው።

* * *

እዚህ ላይ ነገሬ ወደ ብዕረኞች ይዞራል፤ ካሜራውን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናልና። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለእንስሳ የሰጠው ቦታ ሰፊ ነው፤ ግን የጭምብል ቦታ ነው። በከበደ ሚካኤል “ታሪክና ምሳሌ” ያደገ ትውልድ እንስሳት ሲናገሩ ሰምቷል፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሰው ነው። አንበሳው ንጉሥ፣ ቀበሮው ተንኮለኛ፣ አህያው ተሸካሚ ነው። ይህ ለሥነ ምግባር ትምህርት የተገባ ነው፤ ተረት ሥራው ይህ ነው። በፉከራና በቀረርቶም አውሬ አለ፤ የሚገባው ግን ከሞተ በኋላ፣ የገዳዩ ማዕረግ ሆኖ ነው። ጭምብልና ግዳይ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ እንስሳን እንደ ራሱ ያየ ገጽ ስንት አለን?

ስለ ኢሉባቦር የሚጻፈውን ግጥም ተመልከቱ። አረንጓዴ ነው፤ ዝናብ አለ፤ ቡና ይሸታል፤ ምንጭ ይፈሳል። እንዲህ ያለ ግጥም ኢሉባቦርን ሳያዩ ይጻፋል። ቀረሮ የለበትም፤ ዋንዛ የለበትም፤ ከረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ የለበትም፤ ማለዳ የሚያገሣው ጉሬዛ የለበትም። “አረንጓዴ” የሚለው ቃል እዚህ የሚሠራው ፎቶ አንሺው የሌንሱን ቀዳዳ ሲያሰፋ የሚሠራውን ነው። ዝርዝሩን አደብዝዞ ውበቱን ብቻ ያስቀራል።

ይህችው ምድር ግን ሌላ ዓይነት ብዕረኛ አፍርታለች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው ሁሩሙ አጠገብ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ከእሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች። ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን በልጅነት ከሰማችው እያስታወሰች ጻፈች፤ ያ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ ታተመ። ፊደሉም የግዕዝ ፊደል ነበር። ከአገራቸው ተነጥቀው፣ ለዓመታት ባላዩት አገር ናፍቆት ውስጥ ሆነው፣ ከሩቅ የመዘገቡትን ያህል ዛሬ በአገሩ የተቀመጠው፣ ካሜራ በኪሱ የያዘው ሰው ይመዘግባል? ሁሩሙ ሠፈር መንደሩ አለ፤ ደኑም በአቅራቢያው አለ። የጎደለው አስቴር ጋኖን የሚያህል ሰው ነው።

* * *

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የምሰማውን ላቅርብ።

አንደኛው “ጉሬዛ እኮ ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ አይደለም፤ ለምን ትጨነቃለህ?” የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዘሩ ላይ ያንዣበበ ፈጣን ጥፋት የለም። ሙግቴን የሚያጸናውም ይኸው ነው። የዛሬው ዓይን ብርቅ ካልሆነ አያይም። ቁጥሩ ሲመነምን ካሜራው ይመጣል፤ ቁጥሩ ሙሉ ሳለ ግን ማንም ቀና አይልም። ቀይ ፓንዳውም አንድ ዘመን የኔፓል ገበሬ ቁብ የማይሰጠው የጎረቤት እንስሳ ነበር። ለጎረቤት የሚገባው ክብር ቀብሩ ላይ መድረስ ብቻ ከሆነ ጉርብትናው ምኑ ላይ ነው?

ሁለተኛው “መካነ አራዊት ለሕፃናት ትምህርት ቤት ነው፤ ድሀ ልጅ ዱር ሄዶ ማየት አይችልም” የሚል ነው። ለኒውዮርክ ልጅ ይህ ያስኬዳል። ለመቱ ልጅ ግን አንበሳ የሚታይበት አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ጉሬዛው ያለበት ደን በእግር ይደረሳል። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀጭኔና ካንጋሩ ተሥለው ጉሬዛ ካልተሣለ ጥፋቱ የድህነት ሳይሆን የምርጫ ነው።

ሦስተኛው “ቱሪስት ይምጣ እንጂ እንስሳው ቢታሰርስ?” የሚል ነው። በየከተማው ሆቴል ግቢ ወገቧን በገመድ የታሰረች ጦጣ ማየት የተለመደ ነው። እንግዳው ሙዝ ይወረውራል፤ ልጁን አጠገቧ ያቆማል፤ ይነሣል። ያቺ ግልገል ከእናቷ የተለየችው እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የጦጣ እናት ልጇን በፈቃዷ አትሰጥም። እንዲህ ያለውን ፎቶ ያነሣ ሰው ከገመዱ ጫፍ አንዱን ይዟል።

* * *

ዋናው ነገር ደኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዘገበው። ስፋቱ 167,000 ሄክታር ገደማ ነው። የዓለም ሕዝብ በየማለዳው የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ዘር በጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የምድር ቦታዎች አንዱ ነው። ጉሬዛው የዚህ ደን ባለቤት ነው። ከእሱ ጋር የሳይንስ ሰዎች ቡቱርሊኒ የሚሉት፣ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራብ ባሉት የኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ካልሆነ በቀር በዓለም የማይገኝ የጦጣ ዓይነት በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ይኖራል። ስንቶቻችን ስሙን ሰምተናል?

ምዝገባው ሁለት ዓመት ሳይሞላው በዚያው በያዩ ትልቅ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሊሠራ ሥራው በ2004 ዓ.ም. ለሜቴክ ተሰጠ። ገበሬ ከመሬቱ ተነሣ፤ ቢሊዮኖች ፈሰሱ፤ ፋብሪካው ሳያመርት ቀረ። ማዳበሪያ አያስፈልግም አልልም፤ ያስፈልጋል። ግን የቦታው ፎቶ ቀድሞ በሕዝብ ልብ ውስጥ ቢኖር፣ ያዩ ሲባል ዩኔስኮ ብቻ ሳይሆን ነጩ ግልገል በሰው ዓይን የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ “የት ላይ ነው የምትቆፍሩት?” የሚል ጠያቂ በበዛ ነበር።

ደኑ በትልቅ ማሽን ብቻ አይጠፋም። በዝምታም ይጠፋል። የቡናውን ምርት ለመጨመር የደኑ ሥር በየዓመቱ ይመነጠራል፤ ከቡናው እግር ጋር የሚበቅለው የቀረሮና የዋንዛ ችግኝም አብሮ ይጨደዳል። ትልልቆቹ ዛፎች ይቆማሉ፤ ከሩቅ ሲታይ ደኑ ሙሉ ይመስላል። አዛውንቶቹ ዛፎች ሲወድቁ ግን የሚተካቸው ወጣት አይኖርም። ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘልበት የቅርንጫፍ መንገድ እንዲህ ይቋረጣል። ገበሬውን አልወቅስም፤ የቡናው ዋጋ ከጫካው ይልቅ የሚከፍለው ለምንጣሮው ነው። ሆኖም ይህ ጥፋት በፎቶ የማይያዝ፣ በዜና የማይነገር ዝግ ያለ ጥፋት ስለሆነ፣ ቦታውን በየዓመቱ ደጋግሞ የሚያይ ታጋሽ ዓይን ይፈልጋል። ያ ዓይን ከመቱ፣ ከያዩ፣ ከጎሬ ካልተገኘ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። የኢሉባቦር ወጣት ካሜራውን ከፍ ያድርግ። ጉሬዛውን ሲያነሣ ዛፉንም ያንሣ፤ የዛፉን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ ቀኑን ከሥሩ ይጻፍ። በዓመቱ ተመልሶ ያንኑ ዛፍ ያንሣ። ዛፉ ከሌለም ባዶውን ቦታ ያንሣ። መምህሩ የዌኒን ድምፅ ለልጆቹ በማለዳ ያሰማ። ገጣሚው “አረንጓዴ” ከማለቱ በፊት የአምስት ዛፎችን ስም ከአገሩ ሽማግሌ ይጠይቅ። ከሽቦ ጀርባ ያለውን አንበሳ ወይም ቀይ ፓንዳ ማንሣት የግድ ከሆነም ሽቦውን አይደብቅብን።

የመቱ ሰው አንድ ቀን የልጅ ልጁን ይዞ ለጉሬዛ የመግቢያ ትኬት እንዲቆርጥ አልሻም። ያ ቀን እንዳይመጣ ማድረግ የሚቻለው ጉሬዛው ዛሬ በዛፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ከሽቦ ወዲህ ሳለ ነው።

ይቆየን።